የሐጃ ፈቲያ ቀሚስና ስምንቱ ካርዶች

እኔ ምስጢር ጠባቂ ነኝ። ይህን የምለው እኔ ብቻ መሆኔን አውቃለሁ፤ ባለቤቴ ከሰማች ወጡን ከእሳት አውርዳ ነው የምትስቀው። ግን ምስጢር የማይጠብቅ ልብስ ሰፊ ሐረር ላይ ሱቅ ከፍቶ አንድ ሳምንት አይከርምም። የማን ወገብ በስንት ጣት እንደሰፋ፣ ማን የአምናውን ቀሚስ አስፍታ “አዲስ ነው” እንዳለች፣ የትኛው ሙሽራ ሱሪው ውስጥ ለመግባት ትንፋሹን እንደዋጠ፣ ይህ ሁሉ እኔ ዘንድ ተቀምጧል። ሰፈራችንን መኪና ግርግር ይሉታል። ጠባብ መንገድ ነው፤ ግራና ቀኙን የስፌት መኪና ተደርድሮበት ቀኑን ሙሉ ይንጫጫል፣ ስሙም የመጣው ከዚያው ጫጫታ ነው። ጫጫታው ስለማያሰማ እኛ ሰፊዎች የምናወራው እየጮህን ነው። ምስጢርን እየጮሁ መጠበቅ ደግሞ ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ታዲያ ባለፈው ሸዋሊድ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ሐጃ ፈቲያ የአንድ የሴቶች አፎቻ መሪ ናቸው። አፎቻ፣ ለማያውቅ ሰው፣ በሐዘንም በሠርግም አብሮ የሚቆም የሐረሪዎች ማኅበር ነው፤ እኛ ዕድር የምንለው ዓይነት፣ ዕድራችን ግን እንደነሱ አይለብስም። ሸዋሊድ ደግሞ ከዒድ በኋላ ስድስቱን ቀን የጾመ ሰው የሚያከብረው የሐረር በዓል ነው። ለዚህ በዓል የሐጃ ፈቲያ ሴቶች ሃያ አንዳቸውም ከአንድ ዓይነት ጨርቅ ያሰፋሉ። ጨርቁ እስከ በዓሉ ጠዋት ድረስ ምስጢር ነው። ለምን ቢባል፣ ሐጃ ረውዳ ስላሉ ነው።

ሐጃ ረውዳና ሐጃ ፈቲያ ከልጅነታቸው ጀምሮ ጓደኛሞች፣ በኋላም የአንድ አፎቻ ሴቶች ነበሩ። አንድ ዓመት ለበዓል ልብስ ሐጃ ረውዳ “አረንጓዴ ይሁን” አሉ፣ ሐጃ ፈቲያ “አረንጓዴማ አይሆንም” አሉ። በዚሁ ተቀያየሙ። ሐጃ ረውዳ ገሚሶቹን ሴቶች ይዘው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ በበዓሉ ጠዋት ሁለቱም አፎቻዎች ቁርጥ አንድ ዓይነት ጨርቅ ለብሰው መንገድ ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ማን ከማን እንደቀዳ እስከ ዛሬ ይጨቃጨቁበታል። ያኔ ሰፊው እኔ አልነበርኩም። እኔ የተመረጥኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ክርስቲያን ስለሆንኩ የማንኛቸውም የአክስት ልጅ አልሆንም ተብሎ።

ሐጃ ፈቲያ ጨርቁን ይዘው ሱቄ የገቡ ዕለት በሩን መለስ አደረጉና፣ “በምን ትምላለህ?” አሉኝ።

“በፈለጉት።”

“በልጅህ ማል።”

“ማህሌት ትሙት፣ ከዚህ ሱቅ አይወጣም” አልኩ። ማህሌት የአሥር ዓመት ልጄ ናት። ስለዚህ እናንተም ቀለሙን እንዳትጠይቁኝ።

ሃያውን ቀሚስ ጨርሼ አስረከብኩ። የቀረው የራሳቸው የሐጃ ፈቲያ ነበር። ባለቤታቸው ካረፉ ሦስት ዓመት አልፏል፤ ኢዳቸውን፣ ባሏ የሞተባት ሴት የምትቆይበትን የሐዘን ጊዜ፣ ከጨረሱ ቆይተዋል፣ ግን ከጥቁርና ከቡናማ ወጥተው አያውቁም። በበዓል ቀን ቤታቸውን ዘግተው ነበር የሚውሉት። በዚያ ዓመት ሴቶቹ ወትውተው ወትውተው እሺ አሰኝተዋቸዋል። “እንግዲህ አንዴ እሺ ብያለሁ፤ ሁለተኛ ድፍረቱን የማገኘው አይመስለኝም” ብለውኛል ልኬት ስወስድላቸው። ጨርቁም ያ ብቻ ነበር፤ ከነጋዴው ዘንድ አልቋል። አያችሁ፣ የተሰጠኝ አራት ሜትር ጨርቅ ብቻ አልነበረም።

እዚህ ላይ ብልጠቴን እነግራችኋለሁ። ጨርቁን ሳጥን ውስጥ ብቆልፍበት፣ ሱቄ የሚገባው ሁሉ ሳጥኑን አይቶ “ምን ቆለፍክ?” ይላል። ስለዚህ በፌስታል ጠቅልዬ ማንም የማያየው ቦታ አስቀመጥኩት፤ የቁርጥራጭ ጆንያ ውስጥ። ቁርጥራጭ ውስጥ ማን እጁን ይከታል? በራሴ በጣም ነበር የኮራሁት። ለባለቤቴም ልነግራት ዳድቶኝ በግድ ነው የተውኩት።

በዓሉ አምስት ቀን ሲቀረው ማህሌት ሰባት የሰፈር ልጆች አስከትላ መጣች። መምህራቸው፣ ለበዓሉ ቤታቸው ብቻቸውን ለሚውሉ ትልልቅ ሰዎች በእጃችሁ ካርድ ሥሩ፣ ደስ አሰኟቸው ብላቸዋለች። እስላም ክርስቲያን ሳይሉ ስምንት ሰው መርጠዋል። የሻይ ቅጠልና የሳሙና ካርቶን ሰብስበዋል፣ ከዱቄት ሙጫ አፍልተዋል፤ የቀራቸው ጨርቅ ነው። እኔ አፌ ስፒል ሞልቶ የአንድ አስቸጋሪ ኮት እጅጌ እየገጠምኩ ነበር። ቀና ብዬም አላየሁ። በአገጬ ወደ ጥግ አመለከትኩና “ከጆንያው ውሰዱ” አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ማህሌት የተሠራውን ካርድ ይዛ መጥታ ፊቴ ላይ ዘረጋችልኝ። ካርቶኑ ላይ ሁለት ትንንሽ የጨርቅ ቀሚሶች ተለጥፈዋል። “ጎበዝ፤ ቀለሙ እንዴት ያምራል” አልኳት። አዎ፣ እንዲህ ብያታለሁ። በሁለት ዓይኔ አይቼ ነው ያልኩት።

ከሰዓት በኋላ የሐጃ ፈቲያን ቀሚስ ልቆርጥ ጠረጴዛዬን ጠራረግሁ፣ መቀሴን ዘይት ቀባሁ፣ ጆንያው ውስጥ እጄን ከተትኩ። ፌስታሉ ባዶ ነው። ከፌስታሉ ሥር ሐምራዊውን ጨርቅ አገኘሁትና ጎትቼ አወጣሁት። ይኸው፣ አመለጠኝ፤ እንግዲህ ሐምራዊ ነበር፣ ወርቃማ ክር የገባበት። ብድግ አድርጌ ስዘረጋው በጨርቁ ውስጥ አሻግሬ መንገዱን አየሁት። ማዶ ያለው ሰፊ ጎረቤቴ በአንደኛው ቀዳዳ እጁን አውለበለበልኝ።

ክው ብዬ ቀረሁ። በርጩማው ላይ ዘጭ አልኩ፤ በርጩማው ላይ ካውያ ነበር፣ ደግነቱ ቀዝቅዟል። ልጆቹ ጨርቁን አራት አጥፈው፣ እንደገና አራት አጥፈው፣ ከመሃሉ ነው የቆረጡት። መምህራቸው ወረቀት እንደዚህ ታጥፎ ሲቆረጥ ሲዘረጋ እንደሚያምር አሳይታቸዋለች። እውነቷን ነው፣ ያምራል። አሥራ ስድስት ትንንሽ የቀሚስ ቅርጽ፣ ተስተካክሎ በረድፍ የተቀደደ። ከዚህ ከአራት ሜትር ውስጥ ለሐጃ ፈቲያ አንድ እጅጌ እንኳን አይወጣም።

ማህሌትን ከትምህርት ቤት ስትመለስ በር ላይ ጠበቅኋት። “ካርዶቹ የት ናቸው?”

“አደልናቸው።”

“ለማን?”

ስም ትቆጥር ጀመር። ስድስተኛው ላይ “ለሐጃ ረውዳ” አለች።

“ለማን?”

“ለሐጃ ረውዳ። ጉልበታቸውን ታመዋል ኮ አባዬ። ልጆቻቸው ድሬዳዋ ነው ያሉት። ብቻቸውን ናቸው፣ ማንም አይጠይቃቸውም።”

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሐጃ ረውዳን ብቸኛ ናቸው ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ለኔ ጠላት አገር ነበሩ። ከጆንያዬ የወጣውን ምስጢር ልጄ በገዛ እጇ፣ በሙጫ ለጥፋ፣ “እንኳን አደረስዎ፣ ብቻዎን አይደሉም” ብላ ጽፋበት አድርሳላቸዋለች።

ሰው ሲደነግጥ ሐሳብ ይመጣለታል፣ የሚመጣው ሐሳብ ግን የደንጋጣ ነው። ካርዶቹን ሁሉ ሰብስቤ፣ ቁራጮቹን ልጬ፣ በየቀዳዳቸው መልሼ ልሰፋቸው ወሰንኩ። ባዶ እጄን እንዳልሄድ ስምንት ምትክ ካርድ እራሴ ሠራሁ። አበባ ልሥል ብዬ ጎመን የሚመስል ነገር ወጣልኝ።

መጀመሪያ የሄድኩት ሸዋ በር አጠገብ አባባ ተፈራ ቤት ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ፖስታ አዳይ ነበሩ። ካርዱን ሬዲዮናቸው ላይ አቁመውታል። በስህተት የተሰጠ ነው፣ የእርስዎ ይኸኛው ነው ብዬ ጎመኔን አቀበልኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለቱንም አዩ።

“በዚህኛው ላይ የማን ስም ተጽፏል?” አሉኝ።

“የእርስዎ።”

“ደርሶኛል?”

“ደርሶዎታል።”

“እንግዲያው ጨርሰናል። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ደብዳቤ ተሸክሜ ዳገት ወጥቻለሁ፤ በስሜ ሲመጣልኝ ይሄ የመጀመሪያው ነው። ለባለቤቱ የደረሰ አይመለስም። ሕጉ ነው።” ከዚያ ጎመኔን አገላብጠው አይተው፣ “ይሄን የሠራውን ልጅ ግን በርታ በለው፤ ትንሽ ይቀረዋል” አሉኝ።

ሌሎቹም ቤቶች እንዲሁ ናቸው። አንደኛዋ ካርዱን ትራሳቸው ሥር ከተውታል፤ አንደኛው ፊታቸውን አዙረው “የልጅ ስጦታ የሚቀማ ሰው አይቼ አላውቅም” አሉኝ። ወጥቼ መንገዱ ላይ ቆሜ አዘንኩ፤ እውነት ነው፣ እኔም አይቼ አላውቅም ነበር።

ሐጃ ረውዳ ዘንድ ስገባ እግራቸውን ዘርግተው መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ካርዱ እጃቸው ላይ ነው። ጨርቁን በአውራ ጣታቸው እያሹ ነበር፣ ልክ ነጋዴ እንደሚያሸው።

“ና ቁጭ በል። ይሄ ጨርቅ ከየት ነው?” አሉኝ።

“የ... የመጋረጃ ትራፊ ነው ሐጃ።”

“መጋረጃ።”

“አዎ፤ የድሮ መጋረጃ።”

“ወላሂ በል።”

“እኔ ክርስቲያን ነኝ።”

“እሺ፣ በልጅህ ማል።”

ሳል ያዘኝ። ለረጅም ጊዜ ሳልኩ። ሙጫው በደንብ አልያዘም ይሆናል፣ ወስጄ ላጠብቀው ብዬ ነው የመጣሁት አልኩ። በጥፍራቸው ሳብ አደረጉትና “ይዟል” አሉ። ሌላ አልጠየቁኝም። ጎመኔን እንደያዝኩ ወጣሁ።

ሱቄ ስደርስ ሐጃ ፈቲያ ቀሚሳቸውን ሊለኩ በር ላይ ቆመዋል።

የልብስ ሰፊ ውሸት ሞልቶኛል። ክር አልቆብኝ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ካውያው ተቃጥሎ፣ ነገ ጠዋት፣ ነገ ከሰዓት። ሁሉም ጉሮሮዬ ድረስ መጡ። ግን ሴትዮዋ የመጡት ከቀሚሱ ጋር የሚለብሱትን አዲስ ሻሽ ይዘው ነው። ጨርቁን አውጥቼ ዘረጋሁላቸው፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው።

አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። በቀዳዳዎቹ ጠርዝ ላይ ጣታቸውን አስኬዱ። “ሱብሐነላህ” አሉ ቀስ ብለው። “በሦስት ዓመት አንዴ ልወጣ ብዬ።” ሻሹን አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ መለሱት። እንባዬ መጣ፣ ስፒል የምፈልግ መስዬ ጎንበስ አልኩ።

“አፉ በሉኝ ሐጃ፣ ይቅር በሉኝ።”

“አፉ ብያለሁ። ለመሆኑ ካርዱ የደረሰው ለማን ለማን ነው?”

ቆጠርኩላቸው። ስድስተኛው ስም ላይ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

“ረውዳ?” አሉ። “ብቻቸውን ለሚውሉ ሰዎች ነው አላልክም?”

“ልጆቹ ናቸው የመረጡት። ጉልበታቸውን ታመው ቤት ከዋሉ ቆይተዋል። ማንም አይጠይቃቸውም ይላሉ።”

ሐጃ ፈቲያ ቦርሳቸውን ዘጉ። “አላወቅሁም ነበር” ብለው ሄዱ።

በማግስቱ ማህሌት እየሮጠች መጣች። “አባዬ፣ ሐጃ ረውዳ መጋረጃ የሚሰፋልኝ ሰው ይምጣ ብለዋል።” አሁን አፎቻውን ሁሉ ሰብስበው ሊያፋጥጡኝ ነው ብዬ ነበር የሄድኩት። ብቻቸውን ናቸው። ጥግ ያለውን ሳጥን ክፈት አሉኝ። ስከፍተው የቅርንፉድ ሽታ ተቀበለኝ፤ ልብሳቸውን ሁሉ ከልጅነታቸው ጀምሮ ከቅርንፉድ ጋር ነው የሚያስቀምጡት፤ ከላይ የተቀመጠው ደግሞ፣ ወርቃማ ክር የገባበት ሐምራዊ ጨርቅ። ያልተነካ። አራት ሜትር።

ከልጄ መቀስ በላይ ያስደነገጠኝ ይሄ ነው።

“ይሄ መጋረጃዬ ነው” አሉ።

“ከየት አገኙት?”

“ከነጋዴው ነዋ። ከሮመዳን በፊት ነው የገዛሁት። ፈቲያ ምን እንደወሰደች ጠየቅሁት፣ ነገረኝ። ለሴቶቼ ላሳያቸው ብዬ የአንድ ቀሚስ አስቆረጥኩ፤ ከዚያ ጉልበቴ ጣለኝ፣ ሴቶቼም እግራቸውን ቀነሱ፣ ነገሩም ቀረ። አንተ አቦ፣ ምስጢር የምትጠብቀው ከማን ነው?”

እኔ በጆንያ፣ በመሐላና በሳል የጠበቅሁት ምስጢር እኔ ጋ ከመድረሱ በፊት አልቆለት ነበር።

“የተቆረጠው የማን እንደሆነ አውቃለሁ” አሉ ካርዱን ቀና አድርገው እያዩ። “ፈቲያ ሁልጊዜ የሰውን አስጨርሳ ነው የራሷን የምታሰፋው። ከልጅነታችን ጀምሮ እንዲህ ናት። ውሰድና ስፋላት። ከማን እንደሆነ ብትነግራት ግን አልለቅህም። በልጅህ ማል።”

“የልጄን መሐላ ሐጃ ፈቲያ ቀድመው ወስደውታል” አልኩ።

“እንግዲያው ዝም በል። ለአንድ ጊዜ እንኳን ዝም ማለት ልመድ።”

ሁለት ቀን ከመኪናዬ ሳልነሳ ሰፋሁት። በሕይወቴ እንደዚያ አጥርቼ ሰፍቼ አላውቅም። በደንብ ተኮስኩት፤ ካውያው ሲያርፍበት ደግሞ ቅርንፉዱ ከጨርቁ ውስጥ ብሶበት ተነሳ። አናፈስኩት፣ አልለቀቀም።

ሐጃ ፈቲያ ቀሚሱን ሲያዩ ደንግጠው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። “ከየት አገኘኸው?”

“ከመጋረጃ ነው” አልኩ። ሌላ ውሸት ለማዘጋጀት ጊዜ አልነበረኝም።

“መጋረጃ” አሉ፣ ልክ ሐጃ ረውዳ ባሉበት ድምፅ። ከዚያ እጅጌውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። አንዴ አሸተቱ፣ ደገሙ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። እኔ ግን ምንም አልነገርኳቸውም። በዚህ እምላለሁ።

በሸዋሊድ ጠዋት ሃያ አንዱም ሴቶች ሐምራዊ ለብሰው በመንገዳችን አለፉ። ሐጃ ፈቲያ ከፊት ናቸው። ስፌቴን ለማየት ብዬ ተከተልኳቸው፤ ውሸቴን ነው፣ ስለፈራሁ ነው። ወደ ቀኝ መታጠፍ ሲገባቸው ወደ ግራ ታጠፉ። ሐጃ ረውዳ በር ላይ ሲደርሱ ሴቶቹን እዚያው አቁመው ብቻቸውን ገቡ። ሃያ ሴቶች መንገድ ላይ ቆመው አንድም ቃል አልተናገሩም፤ ይሄን በሐረር ያየ ሰው የለም። ውስጥ ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ቆይቶ በሩ ተከፈተ። ሐጃ ረውዳ በሐጃ ፈቲያ ክንድ ተደግፈው ወጡ። የለበሱት የድሮ አረንጓዴ ቀሚስ ነው።

ሐጃ ፈቲያ የቀሚሱን ትከሻ አስተካከሉላቸው። “አረንጓዴው ያምር ነበር” አሉ። “ያኔም ያምር ነበር።”

ሐጃ ረውዳ የጓደኛቸውን ክንድ ጠበቅ አድርገው ያዙና ዳገቱን አብረው ወጡ።

ዘንድሮ ሁለቱ አፎቻዎች ባንድ ላይ ያሰፋሉ። ሰፊው አሁንም እኔ ነኝ፤ ሰፈሩ ግን መጋረጃ ብሎ ነው የሚጠራኝ። ጨርቁ ከመጣ ሳምንት ሆኖታል። ሁለቱ ሐጃዎች መጀመሪያ ለልጆቹ ካርድ የሚሆነውን አስቆረጡና የቀረውን በሳጥን ቆለፉት። ቁልፉን ለኔ አልሰጡኝም። በክር አስረው ማህሌት አንገት ላይ ነው ያንጠለጠሉት። ትናንት ማታ እራት ላይ ቀለሙን ብቻ ንገሪኝ፣ ክር ላዘጋጅለት አልኳት።

“ምስጢር ነው አባዬ።”

“ለማንም አልናገርም።”

እንጀራዋን እየጠቀለለች ቀና ብላ አየችኝ። “በማን ትምላለህ?” አለችኝ።